ትክክለኛው ብሎን ከየት መጣ? ስለ ብረት ቶርኖ ታሪክ የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር



የዛሬውን ንግግሬን ከአንድ አሮጌ ቶርኖ ልጀምር። ተማሪ ሳለሁ ለልምምድ በተመደብኩበት ወርክሾፕ ውስጥ ከማናችንም ዕድሜ የሚበልጥ አንድ ቶርኖ ነበር። በእርሱ ላይ የሚሠሩት፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። አንድ ቀን በአንድ ዘንግ ላይ ጥርስ እንዳወጣ አዘዙኝ። እኔም መጽሐፉ እንደሚለው ብረቱን አጥብቄ አሰርኩ፣ ማርሾቹን መረጥኩ፣ ጥርሱን አወጣሁ። ረጅሙ ዳዶ ጥቂት ዙር ገባና ነክሶ ቀረ። ጋሼ አልተቆጡም። «የኔ ልጅ፣ ይህ ማሽን በዚህ በኩል ታሟል» አሉና ከመሣሪያው በታች የተጋደመውን ረጅም ጠመዝማዛ ዘንግ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያም ረዘም ያለ ብረት አስረው፣ ጥርሱን ከማሰሪያው ርቀው፣ በወዲያኛው ጫፍ በኩል አወጡት። ዳዶው ሳይንገራገር ገባ።

ነገሩ ቀላል ነው። ቶርኖ ጥርስ የሚያወጣው የራሱን መሪ ዘንግ ጥርስ እየተከተለ ነው። ሠራተኛ ሁሉ ሥራውን የሚሠራው ከማሰሪያው አጠገብ ስለሆነ መሪው ዘንግ በዚያ በኩል ቶሎ ይበላል፤ በወዲያኛው ጫፍ ግን እንደ አዲስ ይቈያል። የተበላው ዘንግ የተሳሳተ ብሎን ይወልዳል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። ትክክለኛ ብሎን ለመሥራት ትክክለኛ ብሎን የሚያስፈልግ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ከየት መጣ? የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው እንጂ የፈልሳፊዎችን ስም ዝርዝር ለመቁጠር አይደለም።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገሮችን ላሳስብ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። መሣሪያውን ደግሞ በመማሪያ መጽሐፍ እንደሚጠራው ሌዝ ማሽን ከማለት ይልቅ የወርክሾፑን ስም ይዤ ቶርኖ እለዋለሁ። ሞርሳ፣ ሊማ፣ ትራፓኖ፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ እንደሚሉት ቃላት ሁሉ ቶርኖም ከጣሊያንኛ ወደ እኛ የገባ ነው። የአንድ ሙያ ቃላት ሙያው በማን እጅ እንደ ደረሰን ይመሰክራሉና ባናጠፋቸው እመርጣለሁ።

ቶርኖ በመሠረቱ ጥንታዊ መሣሪያ ነው። እርግጠኛ ሆነን የምናውቀው ቀዳሚው ሥዕል በግብፅ፣ ቱና ኤል ገበል በተባለ ስፍራ፣ ፔቶሲሪስ በሚባል ካህን መቃብር ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ነው፤ ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ይሆናል። በሥዕሉ ላይ አንዱ ሰው በእንጨቱ ላይ የተጠመጠመውን ጠፍር ወዲያና ወዲህ ይጎትታል፤ ሌላው ስለቱን ይዞ ይቀርጻል። በኋላ ዘመን ረዳቱ ቀረና በእርሱ ፈንታ ደጋን፣ ወይም ከላይ የታሰረ ጎባጣ ዘንግና ከታች የሚረገጥ መርገጫ ተተካ። ሁሉም ግን አንድ ጉድለት ይጋራሉ። እንጨቱ ወደ ፊት ይዞርና መልሶ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ስለቱ የሚቈርጠው በመሄጃው ብቻ ነው፤ በመመለሻው ሠራተኛው እጁን ያነሣል። የእናቶቻችን እንዝርት እንኳ ፈትሉን በሚያከርበት ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሾራል። ለቶርኖ ይህን ያስገኘለት ከባድ መንኰራኩርና ክንድ ያለው መርገጫ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ንድፍ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ወረቀቶች መካከል ይገኛል።

ለእንጨት ይህ ይበቃል። ለዝሆን ጥርስና ለቀንድም ይበቃል። በ1701 ሊዮን ከተማ የታተመው የሻርል ፕሉሚዬ ትልቅ የቶርኖ መጽሐፍ የሚያሳየን መኳንንቱ ሳይቀሩ ለመዝናኛ ቶርኖ ይሠሩ እንደነበር ነው። ብረት ግን ሌላ ነገር ነው። እንጨት የሚቀርጽ ሰው ስለቱን በእጁ ይዞ፣ በድጋፍ ላይ አስደግፎ፣ እንደ ልቡ ይመራዋል። ብረት የሚቀርጽ ሰው ስለቱን በክንዱና በትከሻው ገፍቶ ቢይዝም ብረቱ መልሶ ይገፋዋል። ጠንካራ ነጥብ ባገኘ ቍጥር ስለቱ ይዘላል፤ ለስላሳ ባገኘ ቍጥር ይሰምጣል። አንድ ክንድ የሚረዝም ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ውፍረት እንዲኖረው አድርጎ በእጅ መቅረጽ የሚችለው ዕድሜውን በሙያው የፈጀ ሰው ብቻ ነበር። እርሱም ቢሆን ሁለተኛውን ልክ እንደ መጀመሪያው አድርጎ ሊደግመው አይችልም።

ስለዚህ የብረት ቶርኖ ታሪክ በአንድ በኩል ሲታይ ስለቱን ከሰው እጅ የማውጣት ታሪክ ነው። ስለቱ በተንሸራታች መያዣ ላይ ይታሰር፤ መያዣውም በቀጥተኛ ሐዲድ ላይ ይሂድ። ሐሳቡ ብዙዎች እንደሚያስቡት አዲስ አይደለም። በ1480 ገደማ በጀርመን አገር የተዘጋጀ፣ ዛሬ «የመካከለኛው ዘመን የቤት መጽሐፍ» ተብሎ የሚጠራ የእጅ ጽሑፍ ስለቱን በመያዣ ላይ ያሰረ የጥርስ ማውጫ ቶርኖ ሥዕል ይዟል። በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ደግሞ ፈረንሳዊው ዣክ ደ ቮካንሶን ወፍራም የብረት ሐዲድና ተንሸራታች መያዣ ያለው ቶርኖ ሠራ፤ እርሱም ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የሥነ ጥበባትና የእደ ጥበባት ሙዚየም ይታያል። ቮካንሶን እንደ ነፍሳዊ ፍጡር ውኃ የምትጠጣና የምትበላ የምትመስል ሰው ሠራሽ ዳክዬ ሠርቶ አውሮፓን ያስደነቀ ሰው ነው። ዳክዬዋ ከቶርኖው ይልቅ ዝነኛ መሆኗ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ መንገድ ነበር፤ የመድፍ መንገድ። በኔዘርላንድ ዘ ሄግ የመድፍ አቅላጭ የነበረው ያን ፈርብሩገን መድፉን ድፍን አድርጎ አቅልጦ፣ በአግድም አስተኝቶ እያዞረ፣ የማይዞር መሰርሰሪያ ወደ ውስጥ በመግፋት አፈሙዙን የሚቦረቡር ማሽን ይጠቀም ነበር። በ1770 ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ዉልዊች የንጉሡ መድፍ ማቅለጫ ቤት ተዛወረ። በ1774 ደግሞ ጆን ዊልኪንሰን መድፍ የመቦርቦሪያ ዘዴውን በባለቤትነት መብት አስመዘገበ፤ በማግሥቱም ዓመት ያንኑ ጥበብ ወደ ትልቅ የእንፋሎት ሞተር ሲሊንደር አዞረው። ጄምስ ዋት ሞተሩን በ1769 አስመዝግቦ ነበር፤ ነገር ግን ፒስተኑና ሲሊንደሩ ስለማይገጥሙ እንፋሎቱ እያመለጠ ስድስት ዓመት ያህል ተቸግሯል። ዊልኪንሰን የቦረቦረለት 127 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር የነበረበት ስሕተት ከአንድ አሮጌ ሽልንግ ውፍረት አይበልጥም ነበር። የዛሬ ተማሪ በዚህ ቢስቅ አልፈርድበትም፤ ነገር ግን የእንፋሎት ዘመን በዚያች ሳንቲም ውፍረት ላይ ቆመ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ።

ሄንሪ ማውድስሌይ የተወለደው በዚያው በዉልዊች፣ ፈርብሩገን በመጣ በዓመቱ፣ በ1771 ነው። በ12 ዓመቱ በጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱ ባሩድ በመሙላት ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ ወደ አናጺው፣ ከዚያም ወደ ቀጥቃጩ ክፍል ተዛወረ። በ18 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ጆሴፍ ብራማ የሚባል ቍልፍ ሠሪ ዘንድ ተቀጠረ። የብራማ ቍልፍ ረቂቅ ነበር። ለከፈተው 200 ጊኒ እንከፍላለን የሚል ማስታወቂያ ተጽፎበት በሱቁ መስኮት ተሰቅሎ የነበረው፣ ማውድስሌይ በ1790 እንደ ሠራው የሚነገርለት ጓጉንቸር የተከፈተው በ1851 ሲሆን፣ የከፈተውም አልፍሬድ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ ለዚህም በ16 ቀናት ውስጥ 51 ሰዓት ፈጅቶበታል። እንዲህ ያለው ቍልፍ እያንዳንዱ ክፍል በጣም ጥቂት ስሕተት ብቻ ስለሚፈቅድ በእጅና በሞረድ ከተሠራ ዋጋው አይቀመስም። ማውድስሌይ ተንሸራታች መያዣ ያላቸውን ማሽኖች የሠራው ይህን ችግር ለመፍታት ነው። በእጃቸው መሥራት የለመዱ ባለሙያዎች መሣሪያውን «የማውድስሌይ የሕፃን ጋሪ» እያሉ ይቀልዱበት እንደነበር ይነገራል፤ መራመድ ለማይችል ሰው የተሠራ ድጋፍ ማለታቸው ነው። በ1797 ከሳምንት 30 ሽልንግ ደመወዙ ላይ ጭማሪ ጠየቀ፤ ብራማ እምቢ አለ፤ ማውድስሌይም ወጥቶ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። በቴክኖሎጂ ታሪክ ውስጥ እንደዚያ እምቢታ ብዙ ያስከፈለ ቍጠባ ማግኘት ይከብዳል።

በዚያች ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ ከ1797 እስከ 1800 ባለው ጊዜ የተሠራው የጥርስ ማውጫ ቶርኖ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የሳይንስ ሙዚየም ተቀምጧል። ሁለት ቀጥ ያሉ የብረት ሐዲዶች፣ በእነርሱ ላይ የሚሄድ የስለት መያዣ፣ መያዣውን የሚጎትት መሪ ዘንግ፣ ዘንጉንም ከዋናው እንዝርት ጋር የሚያገናኙ ማርሾች አሉት። ከዚያ በፊት ለእያንዳንዱ የጥርስ ዓይነት የራሱ መሪ ያስፈልግ ነበር። በዚህኛው ግን አንድ መሪ ዘንግ ይበቃል። ዘንጉ በአንድ ኢንች ውስጥ 4 ጥርስ ቢኖረውና እንዝርቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ዘንጉ አንድ ጊዜ እንዲዞር ማርሹን ብንመርጥ፣ የምናወጣው ብሎን በኢንች 8 ጥርስ ይኖረዋል። ማርሹን ቀይሩ፤ ጥርሱ ይቀየራል። ዛሬ በየቶርኖ ቤቱ የሚሠራው በዚሁ ስሌት ነው።

ነገር ግን ያ አንድ መሪ ዘንግ ራሱ ከየት መጣ? ማውድስሌይ ብዙ መንገድ ሞክሯል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ከለስላሳ ብረት ወይም ከእንጨት የተሠራ ድቡልቡል ዘንግ ይወስዳል፤ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ስለት በተወሰነ ማዕዘን አዘንብሎ ይጭንበታል፤ ዘንጉን ያዞራል። ስለቱ በማዘንበሉ ምክንያት ዘንጉን እየቈረጠ ራሱ ወደ ጎን ይጓዛል፤ ጠመዝማዛ መስመርም ይወጣል። ያለ ምንም መሪ የተወለደ ጠመዝማዛ ማለት ነው። ፍጹም አይደለም። ግን ከእርሱ የተሻለ ይሠራል፤ ከተሻለው ደግሞ የተሻለ። በየደረጃው ስሕተቱን ይለካል፣ ያርማል፣ በታረመው ዘንግ ቀጣዩን ይሠራል።

የመጨረሻው ፍሬ ምን እንደሚመስል በእርሱ ዘንድ የሠራው ጄምስ ናስሚዝ ጽፎልናል። 5 ጫማ የሚረዝም፣ 2 ኢንች የሚወፍር፣ በኢንች 50 ጥርስ ያለው ዘንግ ነበር። ዳዶው 12 ኢንች ይረዝም ስለነበር በአንድ ጊዜ 600 ጥርሶችን ይነክሳል። የዚህ ዳዶ ርዝመት ለታይታ አይደለም። አንድ ጥርስ ወደ ቀኝ ቢሳሳት ሌላው ወደ ግራ ይሳሳታል፤ 600ዎቹ አንድ ላይ ሲነክሱ የአንዱ ጥፋት በሌላው ይካካሳል። የሸማግሌዎች ሸንጎ ፍርድ ይመስላል፤ እያንዳንዱ ሽማግሌ ሊያዳላ ይችላል፣ ጉባኤው ግን ወደ መካከሉ ይቀርባል። ይህ ዘንግ ያገለገለው በአብዛኛው ለሥነ ፈለክ መሣሪያዎች ልኬት መከፋፈያ ነው። በነገራችን ላይ ከማውድስሌይ በፊት የዘንግን ስሕተት በማረም የሠራው ጄሲ ራምስደንም መሣሪያውን የፈለገው ለዚሁ ነበር። የእርሱ የክብ መከፋፈያ ማሽን በ1770ዎቹ አጋማሽ ተጠናቆ መርከበኞች ኮከብ የሚለኩበትን ሴክስታንት አሻሻለ። ስለዚህ የትክክለኛው ብሎን ጥማት የመጣው ከፋብሪካ ሳይሆን ከሰማይና ከባሕር ነው ብንል አልተሳሳትንም።

እዚህ ላይ ከመጻሕፍት ጋር አንድ ጠብ አለኝ። ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት «ቶርኖን የፈለሰፈው ማውድስሌይ ነው» ብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፋሉ። ተንሸራታቹ መያዣ በ1480 ገደማ ተሥሏል፤ ቮካንሶንም ሠርቶታል። መሪ ዘንግና ተለዋዋጭ ማርሽ በሊዮናርዶ ንድፍ ውስጥ አሉ። በ1795 ሰኖ የተባለ ፈረንሳዊ ሁሉንም አንድ ላይ ያደረገ የጥርስ ማውጫ ቶርኖ ሠርቷል። አሜሪካ ውስጥ ዴቪድ ዊልኪንሰን በ1798 የራሱን አስመዝግቧል፤ ኮንግረሱም ለዚህ ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1848፣ 10,000 ዶላር ሸልሞታል። የማውድስሌይ ዝና የተገነባው በ1841 ናስሚዝ ስለ ተንሸራታቹ መያዣ በጻፈው መጣጥፍና ሳሙኤል ስማይልስ በ1863 ባሳተመው የኢንዱስትሪ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ነው። ናስሚዝ ጌታውን የሚወድ ደቀ መዝሙር ነበር፤ ፍቅሩ ያስመሰግነዋል እንጂ ታሪክ ጸሐፊ አያደርገውም። ታዲያ ለምን እኔም ብዙውን ሰዓት ለማውድስሌይ ሰጠሁ? የሰኖ ቶርኖ ሙዚየም ገባ፤ የማውድስሌይ ግን ሌሎች ቶርኖዎችን ወለደ። ልዩነቱ በማሽኑ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው በቆሙት ሰዎች ነው።

ሰዎቹን እንመልከት። ከ1802 ጀምሮ ማርክ ብሩነል ለንድፉ፣ ማውድስሌይ ለሥራው ሆነው ለፖርትስመዝ የባሕር ኃይል ወደብ የመርከብ ፑሊ የሚሠሩ 45 ያህል ማሽኖች አዘጋጁ። ቀድሞ 110 የሠለጠኑ ባለሙያዎች ይሠሩት የነበረውን 10 ሰዎች ሠሩት፤ በዓመትም 130,000 ያህል ፑሊ ይወጣ ጀመር። በወርክሾፑ ከሠሩት መካከል ሪቻርድ ሮበርትስ በ1817 ትልቅ ቶርኖና የብረት መላጊያ ማሽን ሠራ። ጆሴፍ ክሌመንት የቻርልስ ባቤጅን የስሌት ማሽን ክፍሎች ቀረጸ፤ ሲጣሉም በዘመኑ ልማድ መሠረት ለሥራው የተሠሩት መሣሪያዎች ሁሉ የባለሙያው ናቸው ብሎ ይዟቸው ቀረ። ጆሴፍ ዊትዎርዝ ደግሞ ለማውድስሌይም ለክሌመንትም ከሠራ በኋላ በ1833 ማንችስተር ገባ።

ዊትዎርዝ በ1840 ያቀረበው ስለ ፍጹም ጠፍጣፋ ገጽ የሚናገር ጽሑፍ ነበር፤ ሥሩም በማውድስሌይ ወርክሾፕ ጠረጴዛዎች ላይ ነው። ሁለት የብረት ሰሌዳዎችን ቀለም ቀብታችሁ እርስ በርሳቸው እያስነካካችሁ፣ የተነካካውን እየፋቃችሁ ብታስማሟቸው አንዱ ጎድጓዳ፣ ሌላው ጉብታ ሆነው ሊስማሙ ይችላሉ። ሦስተኛ ሰሌዳ ጨምራችሁ ሦስቱንም በተራ ብታስማሙ ግን ማምለጫ የለም፤ ሦስቱም እርስ በርስ የሚገጥሙት ሦስቱም ጠፍጣፋ ሲሆኑ ብቻ ነው። አስቡት፤ ምንም ቀጥ ያለ ነገር ሳይኖር ቀጥ ያለው ተገኘ። የቶርኖ ሐዲድ ቀጥተኛነት ከዚህ ይመነጫል። የጥያቄዬ መልስ ግማሹ ይህ ነው፤ ሌላው ግማሽ የጎበጠው ስለትና ባለ 600 ጥርሱ ዳዶ ነው።

በ1841 ዊትዎርዝ ከየወርክሾፑ ብሎኖችን ሰብስቦ፣ አማካያቸውን ወስዶ፣ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ የሆነ አንድ ወጥ ሥርዓት ሐሳብ አቀረበ። እስከዚያ ድረስ የአንዱ ቤት ብሎን በሌላው ቤት ዳዶ አይገባም ነበር። በ1864 አሜሪካዊው ዊሊያም ሴለርስ 60 ዲግሪና ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ጥርስ አቀረበ፤ ምክንያቱም የዊትዎርዝን ክብ ጫፍ መሥራት ለተራ ሠራተኛ ይከብዳል የሚል ነበር። እኛ ዘንድ ብሎን ሻጩ «በኢንች ነው በሚሊ ሜትር?» ብሎ ሲጠይቀን የምንሰማውም የብሎን ሥርዓቶች ከአንድ በላይ ስለሆኑ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት የድል ታሪክ ይመስላል። በሌላው ወገን የቆመ ሰው ሌላ ታሪክ ይነግረናል። ካርል ማርክስ «ካፒታል» በተባለው መጽሐፉ ተንሸራታቹን መያዣ ለይቶ ያነሣዋል፤ የተካው አንድን መሣሪያ ሳይሆን የሰውን እጅ ራሱን ነው ይላል። በፖለቲካው የማይስማማም ሰው በዚህ ምልከታው መስማማት ይችላል። በ1851 የእንግሊዝ የማሽን ባለሙያዎች አንድ ትልቅ ማኅበር መሠረቱ፤ ትርፍ ሰዓትና የቍርጥ ሥራ እንዲቀር ጠየቁ። በጥር 1852 አሠሪዎቹ በሩን ዘጉባቸው፤ ከወራት በኋላም ማኅበርተኞቹ ተሸንፈው ገቡ። ያ ጌታውን የሚወድ ናስሚዝ በ1860ዎቹ መጨረሻ ስለ ሠራተኛ ማኅበራት ለተቋቋመው የመንግሥት ኮሚሽን ቃሉን ሲሰጥ፣ በራሳቸው በሚሠሩ ማሽኖች አማካይነት የአዋቂ ሠራተኞቹን ቍጥር ከ1,500 ወደ 750 እንደ ቀነሰና ትርፉም እንደ ጨመረ ያለ ምንም ኀፍረት ተናግሯል። ከሥራ የወጡት 750ዎቹ ስማቸው አልተጻፈም። የቶርኖን ታሪክ የሚያስተምር ሰው ይህን ቍጥር ከ600 ጥርሱ ጎን ለጎን ሊያስተምረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ዘመን ወደ አገራችን ዞር ብንል ጋፋትን እናገኛለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ፤ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1867 ተቀልጦ እስከ መቅደላ ተጎተተ። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ የጎደላቸውን ያውቁ ነበር። በ1866 ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ ወደ እንግሊዝ ሲልኩ ያስጠየቁት የተሠራ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ባለሙያዎችንና ማሽኖችን ነው። የእንግሊዝ መንግሥትም ባለሙያዎችንና መሣሪያዎችን እስከ ምጽዋ ላከ፤ እስረኞቹ ካልተፈቱ አይሻገሩም አለ። እስረኞቹ አልተፈቱም፤ ሰዎቹም ከነመሣሪያቸው ተመለሱ። በ1868 የመጡት የሮበርት ናፒየር ወታደሮች ናቸው፤ ይዘዋቸው የመጡት የአርምስትሮንግ መድፎችም ዛሬ የተረኩላችሁ የማሽን ሰንሰለት ውጤቶች ነበሩ። ቴዎድሮስ ዕቃውን ሳይሆን ዕቃው የሚሠራበትን፣ ከእርሱም ጋር የሚሠራውን ሰው መጠየቃቸው ከብዙ የዘመናችን የግዢ ሰነዶች የበለጠ አስተዋይነት ይታይበታል። የዚያ ማሽን መጨረሻ ምጽዋ ላይ መሆኑ ግን ያሳዝናል።

የቀረውን ፈጠን ብዬ ላልፍ። አሜሪካውያን የቶርኖውን ጥያቄ ከትክክለኛነት ወደ ብዛት አዞሩት። በ1845 ስቴፈን ፊች ስምንት ስለቶችን በአንድ በሚዞር ራስ ላይ አስሮ ለጠመንጃ ብሎን መሥሪያ አዋለ፤ በ1873 ክሪስቶፈር ስፔንሰር ያለ ሰው እጅ ብሎን እየቈረጠ የሚጥል ቶርኖ አስመዘገበ። በሌላ በኩል ስለቱ ራሱ ተለወጠ። ተራው የካርቦን ብረት ስለት ሲሞቅ ጥንካሬውን ስለሚያጣ ቶርኖው በዝግታ ብቻ ይዞር ነበር። ፍሬድሪክ ቴይለር ከማውንሰል ዋይት ጋር በቤተልሔም ብረት ፋብሪካ የሠራው አዲስ ስለት በ1900 ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ጫፉ ፍም መስሎ ሲቈርጥ ታየ። ቴይለር ብረት የመቍረጥን ጥበብ 26 ዓመት አጥንቶ፣ ከ30,000 በላይ ሙከራ አድርጎ፣ 360 ቶን ያህል ብረት ፍቅፋቂ አድርጎ በ1906 ውጤቱን አቀረበ። አዲሱ ስለት አሮጌዎቹን ቶርኖዎች ሁሉ ሽማግሌ አደረጋቸው፤ ቺንጊያው ይንሸራተታል፣ አልጋው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ማሽኖቹ እንደ ገና ከብደው መሠራት ነበረባቸው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ክሩፕ ቪዲያ የተባለውን የካርባይድ ስለት ሲያወጣ ያው ታሪክ ተደገመ። ስለቱ ይቀድማል፣ ማሽኑ ይከተላል።

በ1952 ማሳቹሴትስ ውስጥ በሚገኘው ኤም አይ ቲ በተበሳ ወረቀት የሚታዘዝ የፍሬሳ ማሽን ታየ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቶርኖም ተከተለ፤ ኮምፒውተር ሲጨመርበትም ዛሬ ሲ ኤን ሲ የምንለው ሆነ። ማርሽ መቀየር ቀረ፤ ጥርሱን የሚወስነው ቍጥር ነው። መሪው ዘንግ ግን አልቀረም። ዛሬ በጥርሶቹ መካከል ድቡልቡል ኩስ እየተንከባለለበት በጣም ቀለል ብሎ ይዞራል፤ ሆኖም አሁንም ዘንግ ነው፤ አሁንም ስሕተት አለው። አምራቾቹ ዘንጉን በሌዘር ይለኩና በየትኛው ርቀት ላይ ስንት ሚክሮን እንደሚሳሳት በሰንጠረዥ መዝግበው በማሽኑ ማስታወሻ ውስጥ ያስቀምጡታል። ማሽኑ ወደዚያ ነጥብ ሲደርስ የራሱን ጥፋት ያውቃልና ያንኑ ያህል አሳንሶ ወይም አሳልፎ ይሄዳል።

ያንን ሰንጠረዥ ለመጀመሪያ ጊዜ በስክሪን ላይ ሳየው ትዝ ያሉኝ ጋሼ ናቸው። የእርሳቸው ሰንጠረዥ በጣታቸው ጫፍ ላይ ነበር፤ ጡረታ ሲወጡ ማንም አልጻፈውም። ቶርኖው ከእርሳቸው በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ሠርቶ «ትክክል አይሠራም» ተብሎ ለቍርጥራጭ ብረት ተሸጠ። የተበላው ዘንግ ግን ከአንድ ክንድ አይበልጥም ነበር።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።